ያለ ወቅቱ የተጣለ ድንኳን

አሠልጣኙ «ክረምትን ችግር አትበሉት፤ ምርት በሉት!» ሲል፣ ጽጌሬዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ውኃ በእግር ጣቶቿ እየዳሰሰች ነበር። ምርቱ ካልሲዋን አዳርሶ ወደ ቁርጭምጭሚቷ እየወጣ ነው።

ሥልጠናው «ከወቅት ውጭ ጎብኚ መሳብ» ይባላል። አሠልጣኙ በግድግዳው ላይ የውጭ አገር ሥዕሎች ያሳያል፤ በረዶ ለማየት የሚሰለፉ ሰዎች፣ በዝናብ የሚጨፍሩ ሰዎች፣ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለሉ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች። «እናንተ ያላችሁን ሌላው የለውም። ያላችሁን ነው የምትሸጡት» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጨብጫቢው ሁሉ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ነው፤ በሐምሌ ወር ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ የለውም።

ጽጌሬዳም አልነበራትም። ከአብነት ወደ ሶማሌ ተራ በሚያወጣ ቅያስ ውስጥ፣ ከሥሩ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥበት፣ ላዩ ላይ ስድስት መኝታ ክፍል ያለው ፔንሲዮን ታስተዳድራለች። የከፈተው ባለቤቷ ውብሸት ነው። «ሰው መርካቶን ሊያይ መጥቶ ቦሌ የሚያድረው ምን አጥፍቶ ነው?» ይል ነበር። ያን ጊዜ የሳቁበት ደላሎች ኋላ ላይ እንግዳ እያመጡለት ኮሚሽን ጠየቁት። ከጥቅምት እስከ ጥር ክፍሎቹ ይሞላሉ። ሰኔ ሲገባ ግን ቁልፎቹ ሰሌዳው ላይ እንደተንጠለጠሉ ይከርማሉ።

ውብሸት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሰዎች ስለ እሱ ሲያነሱባት «አዎ፣ እሱ ነው የከፈተው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። በዩኒቨርሲቲ ያጠናችው ታሪክ ነው፤ ያለፈን ነገር አሳጥሮ መናገር ታውቅበታለች።

ከሥልጠናው ስትመለስ የባሏ ታላቅ ወንድም ኃይለልዑል እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ኃይለልዑል ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው ጫማ አስመጪ ነው። ቤቱ ከአባታቸው ለሁለቱ ወንድማማቾች የተላለፈ በመሆኑ፣ ሲመጣ አንኳኩቶ አያውቅም። ጉልበቱ ላይ የብረት ሜትር ይዟል።

«ስንት ክፍል ተይዟል?»

«ገና ነው።»

«ጽጌ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።» ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። «የተማሪ ጫማ እየገባልኝ ነው። መስከረም ደረሰ፤ መጋዘን የለኝም። ፈረንጅ በክረምት አይመጣም፤ ጫማ ግን ይመጣል። ጫማ ቁርስ አይጠይቅሽም፣ ሌሊት አያስልብሽም።»

«ኢንተርኔት ላይ ወጥቶም አያማህም።»

«ይኸውልሽ! ገብቶሻል።»

«እስከ መቼ ትጠብቀኛለህ?»

ኃይለልዑል ሜትሩን ዘርግቶ ለቀቀው፤ ጠቅ ብሎ ተመለሰ። «ፍልሰታ ሲፈታ እመጣለሁ። ክፍሎቹ ሞልተው ካገኘሁ ይህን ወሬ ሁለተኛ ከአፌ አትሰሚም። የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ! ባዶ ካገኘሁ ግን ጫማዬን አስገባለሁ።»

ጽጌሬዳ እሺ አለች። መርካቶ ውስጥ አንዴ መጋዘን የሆነ ክፍል ተመልሶ መኝታ ሲሆን ታይቶ አይታወቅም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። የስድስቱንም ክፍል በር ቀለም የቀባው ውብሸት በእጁ ነበር። ቀለም ቀቢ አልነበረምና ቀለሙ እዚህም እዚያም እንደተንጠባጠበ ደርቋል። ዕድሳት በተነሳ ቁጥር ጽጌሬዳ «በሮቹ ይቆዩ» ትላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቢጠይቃትም የእንጨቱን ጥራት ነበር የምትነግረው።

የፔንሲዮኑ አስጎብኚ ጀማለዲን ይባላል። ዱባይ ተራ ሞባይል ሲሸጥ ኖሮ፣ ውብሸት እንግሊዝኛውን ሰምቶ ያመጣው ወጣት ነው። እንግሊዝኛው ከዋጋ ክርክር የተለቀመ ስለሆነ ሁሉንም ነገር «የመጨረሻ» ብሎ ነው የሚያቀርበው፤ የመጨረሻ ቅመም፣ የመጨረሻ መስጊድ፣ የመጨረሻ ፀሐይ። የሥልጠናውን ነገር ስትነግረው ዓይኑ በራ።

«እትዬ ጽጌ፣ ሰውየው አሪፍ ነው! ጭቃ እንሽጣ! ጭቃ ከሆነ እኛን ማን ይቀድመናል?»

«መርካቶ በዝናብ» የሚል ጉብኝት አወጡ። ለእንግዶቹ ጃንጥላና የላስቲክ ቦት ጫማ ያስፈልግ ስለነበር ቦቱን ከኃይለልዑል ሱቅ ገዙ። ኃይለልዑል ሳንቲም አልቀነሰላቸውም። «ጫማ ይመጣል አላልኩሽም?» ብሎ ግን ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሦስት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት፣ እና ያየችውን ሁሉ ፎቶ የምታነሳ አንዲት ጀርመናዊት። ጀማለዲን ከፊት፣ ጽጌሬዳ ከኋላ ሆነው ሶማሌ ተራ እንደ ደረሱ ሰማዩ ተዘረገፈ። ጃንጥላዎቹ ተገለበጡ። ቦቶቹ ከላይ በኩል ውኃ ሞሉ። ጀማለዲን ዓይኑ ውስጥ የገባውን የመጀመሪያ ጣሪያ አይቶ «በዚህ! በዚህ!» እያለ አንድ ድንኳን ውስጥ ዘው አደረጋቸው።

ውስጡ አግዳሚ፣ ነጠላ ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ዝምታ።

«ወላሂ ለቅሶ ነው» አለ ጀማለዲን በሹክሹክታ።

«እንውጣ።»

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው የሚወጣ ወይ ሌባ ነው ወይ የሟች ባላጋራ ነው። ይቀመጡ እትዬ ጽጌ፣ ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። ከየት መጣችሁ፣ ማንን ትፈልጋላችሁ ያላቸው የለም። ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧቸው፤ በየእጃቸው ንፍሮ ተዘገነላቸው፤ ሻይ መጣ። ጥግ ላይ ካርታ ይጫወቱ የነበሩ ሽማግሌዎች ሆላንዳዊውን በዓይን ጠርተው ካርታ አደሉት። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ ሆላንዳዊቷ ሴትዮ ማልቀስ ጀመረች። ለማን እንደምታለቅስ የጠየቃት የለም፤ ለቅሶ ቤት ይህ አይጠየቅም። አንዲት አሮጊት ብቻ «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም ሄያጅ ነን» ብለው ጀርባዋን አሻሹላት።

እንግዶቹ አገራቸው ገብተው ኢንተርኔት ላይ ሲጽፉ ዝናቡን ያነሳው የለም። ቦቱንም ያነሳው የለም። ሦስቱም የጻፉት ስለ ድንኳኑ ነበር። «ሳያውቁን ሐዘናቸውን አካፈሉን» ብላ ነበር ሆላንዳዊቷ። ጀርመናዊቷ የንፍሮውን ፎቶ ለጠፈች። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የውጭ አገር የጉዞ ወኪል መልእክት መጣ፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ ስድስቱንም ክፍል፣ በፍልሰታ ማብቂያ። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ የድንኳኑ መርሐ ግብር መካተቱን እባክዎ ያረጋግጡልን።

«ሞላ!» ጀማለዲን ዘለለ። «እትዬ ጽጌ፣ ሞላ! ጫማው ውጭ ይደር!»

«ድንኳኑ እኮ የእኛ አይደለም።»

«ምን ችግር አለው?»

«ሰው መሞት አለበት፣ ጀማለዲን።»

ጀማለዲን ለአፍታ አሰበ። «በዚህ ሰፈር?» አለ፤ «ሰው መች ይጠፋል?»

ሰው ግን ጠፋ። ያን ሰሞን ሰፈሩ ድንገት ጤና ሆነ። ጀማለዲን በሽተኛ መጠየቅ አበዛ፤ ደጋግሞ በመጠየቁ ሰፈሩ መጀመሪያ መረቀው፣ ቀጥሎ ጠረጠረው። ሳል የጠናባቸው ጋሼ ሙናዊር ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ሆነው «አንተ ጀማለዲን!» ብለው ጠሩት፤ «አመመኝ እንጂ ገና ነኝ። ለፈረንጆችህ ንገራቸው። ከተቻኮሉ ቃሊቲ ይሞክሩ በላቸው!» በረንዳው በሳቅ ፈነዳ።

ጽጌሬዳ ይህን ስትሰማ አፈረች፤ ሁለተኛ እንዳታደርግ ብላም ተቆጣችው። ነገር ግን አንድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ከሩቅ ሲነፋ ከአልጋዋ ተነስታ መስኮት ስትከፍት ራሷን አገኘችው። «ነፍስ ይማር» ከማለቷ በፊት ጆሮዋን ያቀናችው የማን ሰፈር እንደሆነ ለመስማት ነበር። ሌላ ሰፈር ነው። መስኮቱን ዘጋች። ቅር ያላት መሆኑን ስታውቅ የገዛ እጇን አየችው።

በዚያው ቀን ከጀማለዲን ጋር ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሼ ቶላ ሄዱ። ጋሼ ቶላ በእድሩ መጋዘን ውስጥ፣ ከብረት ድስቶቹና ከተደረደሩት አግዳሚዎች መካከል ተቀምጠው ነበር። ጀማለዲን ጉዳዩን ለሻጭ እንደሚያቀርብ ደላላ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ አቀረበው፤ ድንኳን በኪራይ፣ ለአንድ ከሰዓት፣ ለባህል ማስተዋወቅ።

«ሠርግ ከሆነ ባለ ሰማያዊው አለ» አሉ ጋሼ ቶላ። «የለቅሶው ግን ያለ ሟች አይወጣም። ደንባችን ነው።»

«ጋሼ፣ ለደንብ ብለን ሰው አንገድል!»

«አንተማ ለመግደል ምን ቀረህ? ሙናዊርን ስታደርቀው ከርመህ የለ?» አሉና ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ። «ለነገሩ…» አሉ፤ «ለውብሸት አልወጣም።»

ጽጌሬዳ የአንዱን አግዳሚ ጠርዝ ያዘች።

«በዚያ በኮሮና ጊዜ ድንኳን ክልክል ነበር። ሲቀበር አምስት ሰው ነው የገባው። እኔ የእድሩ ዳኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የቆምኩት፤ አፌን ሸፍኜ። ሰፈሩ እርሙን አላወጣም፣ ልጄ። ድንኳን ለእሱ ከሆነ ዛሬም ይወጣል። ይገባዋል።»

«እኔ አላልኩም» አለ ጀማለዲን ማንም ሳይወቅሰው። «ጋሼ ቶላ ናቸው ያሉት።»

ውጭ አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተሩ ያጓራል፤ ሰዎች «ግፋ! ግፋ!» ይላሉ። ጽጌሬዳ መኪናው እስኪወጣ ድረስ የምታዳምጠው እሱን ይመስል ነበር። በልቧ ግን ስድስቱን በሮች እያየች ነበር፤ ኃይለልዑል በካርቶን ሲደፍናቸው፣ ተሸካሚዎች እየተጋፉ ሲልጧቸው።

«ለአንድ ከሰዓት ብቻ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ድንኳን ይሁን። ጥቂት ሰው። ወሬው እንዳይሰፋ።»

«እሺ» አሉ ጋሼ ቶላ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ልታውቅ ይገባት ነበር። እሷ የጠየቀችው መርሐ ግብር ነው። እሳቸው የሰሙት አንዲት ሴት ከአራት ዓመት በኋላ «ባሌን አልቅሱልኝ» ስትል ነው። እድር ደግሞ ትንሽ ለቅሶ የሚባል ነገር አያውቅም።

ዘጠኙ እንግዶች በቀጠሯቸው ቀን ገቡ። ኃይለልዑል ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንድም ቁልፍ እንደሌለ አየ፤ ሰሌዳውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ «ፍልሰታ ገና አልተፈታም» ብሎ ወረደ። ጽጌሬዳ ክፍሏ ገብታ ለእንግዶቹ የምታቀርበውን ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ተለማመደች። «በባህላችን ባል የሞተባት ሴት…» ብሎ የሚጀምር፣ የተስተካከለ፣ ለማንም የማይደርስ ማብራሪያ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከመስኮቷ ሥር ጡሩምባ ነፋ።

«የእድራችን አባል የነበሩት አቶ ውብሸት! ለቅሷቸው ዛሬ ነው! እርም የምናወጣው ዛሬ ነው! ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ድንኳኑ ትገኙ! የቀረ ይቀጣል!»

ለፋፊው ወደ ሶማሌ ተራ እያቀና ስሙን ደግሞ ጠራ። ሦስተኛውን ጥሪ ዝናቡ ዋጠው። ጽጌሬዳ ለመውጣት የያዘችውን የበር እጀታ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ድንኳኑ ከቅያሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጥሎ ነበር። አንዱ አልበቃ ብሎ ለሠርግ የሚወጣው ሰማያዊው ተቀጥሎበታል። የጅምላ ሱቆቹ ብረት በራቸውን ግማሽ ድረስ አወረዱ፤ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ለመርካቶ ነጋዴ ነፍስ የሚያስወጣ ስለሆነ፣ ግማሹም ታላቅ ክብር ነው። ተሸካሚዎች ጭነታቸውን መግቢያው ላይ ከምረው ገቡ። ከዱባይ ተራ ሐጂዎች መጡ፤ ጋሼ ሙናዊር እየሳሉ መጡ። ቅመም ሻጯ እትዬ ሰኪና ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። «ያን ጊዜ በስልክ ነው ያለቀስኩለት!» ይላሉ፤ «በስልክ እንባ ይወጣል እንዴ? እዚህ ቆሞ ቀርቶብኛል፣ እዚህ!»

ጀማለዲን ዘጠኙን እንግዶች እየመራ ሲደርስ መቀመጫ አልነበረም። መቆሚያም አልነበረም። ከመግቢያው በር ላይ፣ የድንኳኑ ጠርዝ ውኃ በሚያንጠባጥብበት በኩል ተሰለፉ። እንግዶቹ የተነገራቸው «አነስተኛና ለጎብኚ ያልተዘጋጀ እውነተኛ ሕይወት» የሚል ነበር፤ አነስተኛ የሚለው ብቻ ነው የተሳሳተው።

ጽጌሬዳ ጃንጥላዋን ይዛ ከፊታቸው ቆመች። ድምጿን አስተካከለች። «ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠው እዚያ፣ በስተቀኝ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ጎረቤቶቿ ይከቧታል። ብቻዋን አይተዋትም። ይህም የሆነበት ምክንያት…»

«አንቺ!»

ከውስጥ የተጣሩት ጎረቤቷ እትዬ ፋናዬ ናቸው። «ምን ቆመሽ ትለፈልፊያለሽ? ነይ ግቢ እንጂ! ቦታሽ ባዶውን ነው!»

«እትዬ ፋናዬ፣ እንግዶች ይዤ ነው…»

«እንግዳ ይቁም! አንቺ በራስሽ ለቅሶ እንግዳ ነሽ?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ፊት ሁሉ ወደ መግቢያው ዞረ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ዝናብ ልብሱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው፣ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ ይህ እውነተኛ ነው ወይስ ለእኛ የተዘጋጀ?» አላት።

ጽጌሬዳ የምትመልሰው አላጣችም። ሁለቱም መልስ እውነት ነበር፤ ሁለቱም ያሳፍር ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አላት ሰውየው ቀጥሎ፣ ለስለስ አድርጎ።

«ባለቤቴ» አለች።

በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። በአማርኛ እንዲህ ብላ የተናገረችበት ቀን አልነበረም። ሰውየው የካሜራውን ክዳን ገጠመና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ጽጌሬዳ ጃንጥላዋን ለጀማለዲን ሰጠችው፤ ዘግታ አልነበረም የሰጠችው፤ ከዚያም ውስጥ ገብታ በስተቀኝ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እትዬ ፋናዬ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ፤ ላልጠየቃቸውም።

ኃይለልዑል የሰማው ዘግይቶ ነው። «የወንድምህ ድንኳን ተጥሏል» ሲሉት እሱን ሳያማክሩ ማን ፈቀደ ብሎ፣ ለመጣላት ተዘጋጅቶ፣ ከዱባይ ተራ በጭቃው እየሮጠ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ አፉን ከፈተ። ጋሼ ቶላ ቀና ብለው አዩት።

«ኃይለልዑል፣ ወንድምህ ነው። ቁጭ በል።»

በተሸካሚዎቹ መካከል ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ሲል ተሸካሚዎቹ ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። እንባው ጋብ ሲልለት የነጋዴነት ልቡ ተመለሰና ደነገጠ። የወንድሙ ድንኳን ተጥሎ የአባቱ ወገን አልተነገረውም። ይህ በአገራቸው በቢቸና ከተሰማ ስሙ ለልጅ ልጅ መተረቻ ይሆናል። እዚያው ድንኳኑ ጥግ ሆኖ ስልክ ደወለ፤ ደወለ፤ ደወለ።

በማግስቱ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከቢቸና ገባ። አክስቶች፣ አጎቶች፣ አንድ ቄስ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ዝምተኛ ሰውም አብሮ። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ የሚያድረው ሐዘኑ ቤት ነው፤ ይህን የሚጠይቅም የሚያስረዳም የለም። የውብሸት አክስት እማማ የሺመቤት የመጀመሪያውን በር ከፍተው ገቡና ካሜራ የያዘውን ረጅም ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ሳሙት። ጉንጩን ግራና ቀኝ፣ ደጋግመው። «አንተም ከሩቅ መጣህለት?» ብለው አለቀሱ፤ ነጠላቸውን አንጥፈውም አልጋው ላይ ጋደም አሉ።

እስከ ማታ ድረስ ከስድስቱም ክፍል ተመሳሳይ ታሪክ ተሰማ። ጀማለዲን ዘጠኙን እንግዶች ሻንጣቸውን በተሸካሚ አስይዞ ፒያሳ ሌላ ሆቴል አስገባቸው። ብዙዎቹ ቅሬታቸውን ጻፉ፤ ድንኳኑ እጅግ የተጨናነቀ ነው፣ አስጎብኚዋ ማብራሪያውን ሳትጨርስ ጠፍታለች፣ ክፍላችን ለሟች ዘመዶች ተሰጥቷል። የጉዞ ወኪሉም በጨዋ ቋንቋ ሁለተኛ እንደማይልክ አሳወቀ። ረጅሙ ሰው ብቻ ምንም አልጻፈም።

ፍልሰታ ተፈታ። ኃይለልዑል እንዳለው መጣ። ሜትሩን ይዞ አልነበረም፤ ለእማማ የሺመቤት ሥጋ ይዞ ነበር የመጣው። እማማ የሺመቤት ግን ዝግጁ ሆነው ጠበቁት።

«ይህን ክፍል ለጫማ ልትሰጠው ነበር አሉ?»

«ማን ነው ያለው?»

«መርካቶ ነው ያለው! ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ ያልነገረኝ የለም። እኔን አስወጥተህ ጫማ ልታስተኛ ነው? ጫማ አልጋ ላይ ይተኛል?»

«ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ…»

«እንግዲያው ክፍሉ ይቆይ፣ የእሷ ይሁን በል።»

ኃይለልዑል ወደ ጽጌሬዳ ዞረ። ክፍሎቹ ሞልተው ነበር። ደጃፎቹ ላይ የዘመዶቹ የላስቲክ ጫማ ተደርድሯል፤ አጎቶቹ ኮሪደሩ ላይ ተኝተዋል። ከሞላ ወሬውን አላነሳም ያለው ራሱ ነው፤ በማን ይሙላ አላለም።

«የእሷ ነው» አለ።

«ቃል ነው?»

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ።»

«መልካም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ እስኪደርቅ እዚሁ እንከርማለን» አሉ እማማ የሺመቤት። «ወደፊትም ለሕክምና የሚመጣ፣ ለዕቃ የሚመጣ ዘመድ ሜዳ አይድርም ማለት ነው። ክረምት ክረምት ባዶ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቤት እኮ ባዶ ሲሆን ይከፋዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔንሲዮኑ በክረምት አንድም ክፍል ባዶ ኖሮት አያውቅም። ከፍሎ ያደረ ሰውም ኖሮት አያውቅም። አንሶላው ግን ይታጠባል፤ ቁርሱ ይቀርባል፤ እንዲያውም ዘመዶቹ ከከፋዮቹ ይልቅ አጣርተው ይጠይቃሉ። አልጋ ሲያንስ ኃይለልዑል ፍራሽ ከሱቅ ራሱ ተሸክሞ አመጣ፤ ተሸካሚ ልኮ ቢሆን እማማ የሺመቤት ይሰሙ ነበርና። ሶማሌ ተራ ሲያቋርጥ ተሸካሚዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ «ባለሀብቱ፣ ጎንበስ በል እንጂ! ወገብህን ትጨርሳለህ!» እያሉም አስተማሩት።

በዚያው ክረምት ማብቂያ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ ስልክ ጮኸ። ጀማለዲን አንስቶ አዳመጠና አፉን በእጁ ሸፈነ።

«እትዬ ጽጌ፣ ሌላ ወኪል ነው! የድሮውን ጽሑፍ አንብበው ነው አሉ። አሥራ ሁለት ሰው! ድንኳኑን ይፈልጋሉ። ቀኑን እኛ እንድንመርጥ ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

ጽጌሬዳ የአንሶላ ክምር ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

«የሞተ የለም በላቸው።»

«እሱ እንኳ ይገኛል…»

«ጀማለዲን።»

«እሺ፣ እሺ።» ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋና መልሶ አወረደው። «ታዲያ ዝም ብዬ ነው የለም የምለው? ያኛው የማን ነበር ቢሉኝስ?»

ጽጌሬዳ አንሶላውን በአንድ ክንዷ ደግፋ ስልኩን ተቀበለችው። ሰላምታ ሰጠች። የወዲያኛውን ሰው ረጋ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ስለ ልዩ ልምድ፣ ስለ እውነተኛ ሕይወት፣ ከወቅት ውጭ ስላለው የገበያ ዕድል ነበር የሚያወራው።

«የባለቤቴ ለቅሶ ነበር» አለችው። «አልቅሰን ጨርሰናል። ክፍልም የለንም።»

ስልኩን ለጀማለዲን መልሳ፣ አጎቶቹን እንዳትቀሰቅስ በጥንቃቄ እየረገጠች፣ አንሶላውን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።